ከጥማድ እስከ ጊጋኸርዝ፦ ለሶፍትዌር ሥራ ፈጣን ኮምፒውተር የመምረጥ ታሪክ



የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ «ለፕሮግራሚንግ ሥራ ፈጣኑ ኮምፒውተር የትኛው ነው?» የሚል። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው እላለሁ፤ «ፈጣን» የሚለው ቃል ትርጉሙ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯልና። ይህን ሳልረዳ የሰጠሁት አንድ ምክር ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል።

ከዓመታት በፊት ከቡሬ ገጠር የመጣ አንድ ተማሪ አባቱን አስከትሎ ቢሮዬ ገባ። አባትየው ቆባቸውን አውልቀው፣ «መምህር፣ ልጁ ያለ ኮምፒውተር ትምህርቱ አይሆንለትም ይላል፤ እውነት ከሆነ አንዱን በሬ እሸጣለሁ። የሚረባውን ግን እርስዎ ይንገሩን» አሉኝ። እኔም ጊጋኸርዙ ከፍ ያለውን ምረጡ አልኩ። እንዳልኩት ገዙ። ማሽኑ ፕሮሰሰሩ ፈጣን ነበር፤ ሜሞሪው ግን 4 ጊጋባይት ብቻ፣ ማከማቻውም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበር። ልጁ አንድሮይድ ስቱዲዮን፣ ኢሙሌተሩንና የኢንተርኔት ማሰሻውን በአንድነት ሲከፍት ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። በዚያው ክረምት አባቱ በቀረው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው አረሱ። ጥፋቱ የሻጩም የልጁም አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ያ ገበሬ በሬ ሲመርጡ እኔ ኮምፒውተር በመረጥኩበት መንገድ አይመርጡም። ጥርሱን ያያሉ፣ ትከሻውን ይዳስሳሉ፣ ሰኮናውን ይመረምራሉ፣ አራምደው ያዩታል። ከሁሉም በላይ ቤት ካለው በሬ ጋር ይጣመድ እንደሆነ ያስባሉ፤ በአንድ ቀንበር ሥር የጥንዱን ፍጥነት የሚወስነው ዘገምተኛው ነውና። የመሬት ልካችንም ከዚሁ ዕውቀት የመነጨ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። እንደ አፈሩ ይለያያል እንጂ በተለምዶ የሄክታር ሩብ ያህል ይገመታል። የዚህ ልክ መሠረት የበሬው ጉልበት ለብቻው ሳይሆን በዕለቱ ተሠርቶ የተገኘው ሥራ ነው። የኮምፒውተር ዓለም ወደዚህ አስተሳሰብ የደረሰው ረጅም መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነው።

መንገዱን ባጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። በ1993 የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች 60 እና 66 ሜጋኸርዝ ደረሱ፤ በ2000 ደግሞ 1 ጊጋኸርዝ ታለፈ። በእነዚያ ዓመታት ከፍ ያለ ቁጥር ያለውን መግዛት ብዙም አያሳስትም ነበር። በ2000 መገባደጃ የወጣው ፔንቲየም 4 ግን ነገሩን አናጋው። በ1.5 ጊጋኸርዝ እየሠራ፣ በአንዳንድ ፕሮግራሞች 1 ጊጋኸርዝ በነበረው ፔንቲየም 3 ይቀደም ነበር፤ በእያንዳንዱ ምት የሚያከናውነው ሥራ ያነሰ ነበርና። ቆይቶም ሙቀቱ አልቻል አለ። ኢንቴል በ2004 የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ዕቅዱን ሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ኢንቴልም ኤኤምዲም ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሮችን ለተራው ተጠቃሚ አቀረቡ። አንዱን በሬ ማፍጠን ሲያቅት ሁለተኛ በሬ መጨመር ማለት ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1988 አምራቾች ተሰባስበው ስፔክ የተባለውን የመለኪያ ድርጅት አቋቁመው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመጀመሪያ መለኪያቸው 10 እውነተኛ ፕሮግራሞችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነሱ አንዱ ዛሬም የምንጠቀምበት ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ነው። ማሽኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታል የሚለው ቀርቶ፣ የተሰጠውን ሥራ በስንት ጊዜ ይጨርሳል የሚለው መጠየቅ ጀመረ። ይህ ከጥማድ አስተሳሰብ ጋር አንድ ነው።

የኮሮች መብዛት ደግሞ የራሱን ማሳሳቻ ይዞ መጣ። ጂን አምዳል በ1967 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሥራ ሊከፋፈል የሚችለው በከፊል ብቻ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። አንድን ሶፍትዌር ኮምፓይል ለማድረግ በአንድ ኮር 100 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ 80 ሰከንዱ ፋይሎቹን አንድ በአንድ መተርጎም ነው፤ ለብዙ ኮሮች ሊከፋፈል ይችላል። የቀረው 20 ሰከንድ የተተረጎሙትን ክፍሎች ማያያዝና መሰል ተከታታይ ሥራ ነው፤ አይከፋፈልም። በ4 ኮር ጠቅላላው 40 ሰከንድ ይሆናል፤ በ8 ኮር 30፤ በ16 ኮር 25። ኮሮቹ እልፍ ቢሆኑ ከ20 በታች አይወርድም። ከ4 ወደ 8 መሻገር 10 ሰከንድ ያተርፋል፤ ከ8 ወደ 16 የሚደረገው ዝላይ ግን 5 ብቻ ነው። የቤተሰብን ጥሪት የሚያወጣ ሰው ይህን ስሌት ሳያውቅ ሊከፍል አይገባም።

የዚያ ተማሪ ማሽን የደረቀው ግን በፕሮሰሰሩ ምክንያት አልነበረም። ሜሞሪ ሲሞላ ማሽኑ ትርፉን ወደ ማከማቻው ያወርዳል፤ ሲፈልገውም መልሶ ያነሳል። ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ከሜሞሪ አንድ ነገር ማምጣት ጓዳ ገብቶ እንጀራ እንደማውጣት አንድ ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ ከኤስኤስዲ ማምጣት በዚሁ ስሌት 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ማምጣት ግን ወደ 69 ቀን ይጠጋል። ሜሞሪው ያነሰ ማሽን ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን የሚውለው ጎተራው እስኪከፈት በመጠበቅ ነው። ቀንበሩን የሚጎትተው ዘገምተኛው በሬ ይኸው ነው።

በአገራችን የኮምፒውተር ታሪክም ይኸው ትምህርት ይገኛል። በ1980ዎቹ እንደ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ፊደላችንን በግል ኮምፒውተር ለመጻፍ ሲነሡ፣ የገጠማቸው ማነቆ የፕሮሰሰር ፍጥነት ብቻ አልነበረም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በዚያ ዘመን በአንድ ባይት ሊወከሉ የሚችሉት ምልክቶች ደግሞ 256 ብቻ ናቸው። እንግሊዝኛውን፣ ቁጥሩን፣ ሥርዓተ ነጥቡን ስንጨምር ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ለአማርኛ የሚረባው ማሽን ፊደልን እንደ ሥዕል መሣል የሚችል የማሳያ ካርድና በቂ ሜሞሪ ያለው ነበር። ችግሩ ዓለም አቀፍ መፍትሔ ያገኘው ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ነው። ዛሬም ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ። ማነቆው የት እንዳለ ሳያውቁ ማሽን መምረጥ ያኔም አይቻልም ነበር፤ ዛሬም አይቻልም።

እንግዲህ በምዕራብ ጎጃም ለሚማር የሶፍትዌር ተማሪ ማነቆው የት ነው? እኔ በቅደም ተከተል እንዲህ አየዋለሁ። አንደኛ ሜሞሪ፦ 16 ጊጋባይት ይመረጣል፤ አቅም ካልፈቀደ 8 ሆኖ በኋላ ሊጨመርበት የሚችል ይሁን። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይጨመርም፤ ከመግዛት በፊት ይጠየቅ። ሁለተኛ ኤስኤስዲ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ እንኳ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ ሌላ ማሽን ይመስላል። ሦስተኛ መብራት፦ ኃይል ሲቋረጥ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባትሪው ጤነኛ የሆነ መካከለኛ ላፕቶፕ ዩፒኤስ ከሌለው ኃይለኛ ዴስክቶፕ ለእኛ ይፈጥናል። አራተኛ ሙቀት፦ ቀጭን ላፕቶፕ ለጥቂት ደቂቃ ፈጥኖ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ረጅም ሥራ ላይ ሞክሩት። የፕሮሰሰሩ ጊጋኸርዝ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ከሁሉም በላይ፣ ገበሬው በሬውን አራምዶ እንደሚያይ፣ የራሳችሁን ፕሮጀክት በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ በማሽኑ ላይ ሥሩት፤ ሰዓት ያዙ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ አለ።

እስካሁን የተናገርኩት ግን አንድ ሰው ብቻውን እንደሚገዛ ቆጥሬ ነው። ታሪክ ሌላ መንገድም ያሳየናል። በ1961 በኤምአይቲ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ሲቲኤስኤስ የተባለውን ሥርዓት ለዕይታ አቀረቡ፤ በ1964 ደግሞ በዳርትመዝ ኮሌጅ ተማሪዎች ከየተርሚናላቸው ሆነው አንድን ማሽን በጋራ መጠቀም ጀመሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ማሽን ውድ ነው፣ ተማሪ ብዙ ነው። የፕሮግራሚንግ ትምህርት ከጥቂት ሊቃውንት እጅ ወጥቶ ለብዙኃን የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

እኛ ለዚህ ቃሉም ልማዱም አለን። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ መሬቱን ጦም አያሳድርም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ በተራ ያርሳሉ። ፋካልቲያችን ያለውን በጀት በብዙ መካከለኛ ዴስክቶፖች ላይ ከሚበትን፣ አንድ ብዙ ኮርና ሰፊ ሜሞሪ ያለው፣ በዩፒኤስ የተደገፈ ሰርቨር ቢገዛ፣ የተማሪው ላፕቶፕ ጽሑፍ መጻፊያና መገናኛ ብቻ ይሆናል። ከባዱን ኮምፓይል ሰርቨሩ ይሠራዋል። ተፈላጊ የሶፍትዌር ጥቅሎች ቅጂ እዚያው ከተቀመጠ ደግሞ የውጭው ኢንተርኔት ሲቋረጥ የግቢው መረብ ሥራውን ያስቀጥላል። በርግጥ ጣጣ አለው። ሰርቨሩ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል፤ የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል፤ ተራም ያጨቃጭቃል። መቀናጆም ያጨቃጭቃል፤ በዝናብ መጀመሪያ ማን ይቅደም በሚል ስንቱ ተኳርፏል። ግን ማንም ከነጭራሹ ሳያርስ አይቀርም።

ያ ተማሪ በመጨረሻ ሜሞሪ ጨምሮ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሮ ትምህርቱን ጨርሷል። ወጪው ከበሬው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነበር። መጀመሪያውኑ ባውቅ ኖሮ ርካሹን ማሽን አስመርጬ፣ ልዩነቱን በሜሞሪ አስጨምሬ፣ ምናልባትም በሬው በረቱ በቀረ ነበር። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ መምህራን ነገ ሌላ አባት ቢሮአችሁ ሲመጣ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ልጁ የሚጠብቀው ምኑን ነው?» በሉ። የሚጠብቀው ነገር የታወቀ ዕለት የሚገዛውም ይታወቃል።