ከሞት መዝገብ እስከ ክትባት፦ የማህፀን በር ካንሰር ታሪክ

በዚህ እትም ስለ ማህፀን በር ካንሰር ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን። በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ታሪክ የምንወድበት የራሳችን ምክንያት አለን። ነገሩ የተጀመረው በሐኪም ቢላዋ ሳይሆን በባህር መዝገብ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጣሊያን አገር በቬሮና ከተማ ዶሜኒኮ ሪጎኒ ስተርን የሚባል ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ከ1760 እስከ 1839 በከተማዋ የሞቱ ሰዎች የሰፈሩበትን መዝገብ ይዞ ቁጭ አለና አንድ በአንድ ቆጠረ። በ1842 ያወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የማህፀን ካንሰር ባገቡና ባላቸው በሞተባቸው ሴቶች ላይ ሲበዛ በሴት መነኮሳት ላይ ግን ጥቂት ነበር። መዝገቡ ልዩነቱን እንጂ ምክንያቱን አልተናገረም። ምክንያቱ ሳይታወቅ በቆየባቸው ዓመታት ባዶውን ቦታ ሐሜት ሞላው። በሽታው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር እንደሚያያዝ ሲሰማ፣ በታመመችው ሴት ላይ «ምን ሠርታ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ በየሰፈራችን አለ።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ከግሪክ በ1913 ወደ ኒውዮርክ የተሰደደው ጆርጅ ፓፓኒኮላው፣ ከማህፀን በር አካባቢ የሚወሰድ ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰር ሴሎችን እንደሚያሳይ ደረሰበት። ባለቤቱ አንድሮማኪ በቤተ ሙከራው አብራው ስትሠራ፣ ለጥናቱ የራሷን ናሙና ለዓመታት ሰጥታለች። በ1928 ግኝቱን ሲያቀርብ ሰሚ አላገኘም። ተቀባይነት ያገኘው በ1943 ከሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ዛሬ «ፓፕ» የምንለው ምርመራ በስሙ የተጠራ ነው።

በ1951 ደግሞ ሄንሪዬታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የአምስት ልጆች እናት በባልቲሞር ከተማ ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። ያመማት የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ሐኪሞቹ ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ቆርጠው ወሰዱ። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች፤ ሴሎቿ ግን በቤተ ሙከራ መባዛታቸውን አላቆሙም። የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር አገልግለዋል፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ምርምር ይሠራባቸዋል። ቤተሰቧ ይህን ያወቀው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ መቃብሯም እስከ 2010 ድረስ የስም ድንጋይ አልነበረውም። እኛ ሴቶች ይህን ስም ልናውቀው ይገባል።

የቬሮናው መዝገብ ጥያቄ የተመለሰው በጀርመን አገር ነው። ሐራልድ ዙር ሐውዘን የሚባል ተመራማሪ ምክንያቱ ሂውማን ፓፒሎማ የሚባለው ቫይረስ ነው ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በጊዜው የሚጠረጠረው የሄርፒስ ቫይረስ ነበርና። እሱና ባልደረቦቹ በ1983 ዓይነት 16ን፣ በ1984 ዓይነት 18ን ከካንሰሩ ውስጥ ለይተው አወጡ። ዓይነት 18 በሄንሪዬታ ላክስ ሴሎች ውስጥም ተገኘ። ከመቶ የማህፀን በር ካንሰር 70 ያህሉን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዙር ሐውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ቫይረሱ እንዴት እንደሚሠራ በሙያችን ቋንቋ እናስረዳ። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ እንደ ኦዲተር የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ጉድለት ሲያገኙ ሴሉ እንዳይባዛ ያግዱታል። ቫይረሱ ሁለት ፕሮቲኖችን ያመርትና እነዚህን ኦዲተሮች ከሥራ ያስወጣል። ከዚያ በኋላ ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል፤ የሚያግደውም የለም። ይህ ግን በአንድ ጀንበር የሚሆን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነታችን ቫይረሱን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ከቀረ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት ሕክምና ካልጀመረች ግን ጊዜው ያጥራል፤ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድሏም ስድስት እጥፍ ነው።

ሐሜቱን የሚሽረው ይህ ግኝት ነው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ስለሆነ፣ ግንኙነት የጀመረ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ከባሏ ሌላ የማታውቅ ሴትም ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ በሽታው የማንም የጠባይ ማስረጃ አይደለም።

በ2006 ክትባቱ ፈቃድ አገኘ። ውጤቱም በቁጥር ታይቷል። በ2021 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡ ሴቶች ላይ በሽታው በ87 በመቶ ቀንሷል። በኬንያ 2,275 ወጣት ሴቶች የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ አንድ ዙር ክትባት ብቻውን ጠንካራ መከላከያ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ይህ ገንዘብ ለሚያጥራቸው አገሮች ትልቅ ዜና ነው። አገራችን ክትባቱን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው በ2018 መጨረሻ ነበር።

ክትባቱ ያመለጠን እኛ እናቶችና ታላላቅ እህቶች ደግሞ ምርመራ አለን። በአቼቶ ውስጥ የሚገኘው አሲድ ተበጥብጦ የማህፀን በር ይቀባል፤ የተበላሸው ቦታ ነጥቶ ይታያል። ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ አነስ ያለ ችግር ከተገኘም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ዕድሜያችን ከ30 እስከ 49 የሆነ ሁሉ ሊመረመር ይገባል። በሽታው ሲጀምር ምልክት የለውም። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ ደግሞ ቀን መቁጠር አያስፈልግም።

በ2022 በዓለም ላይ 350,000 ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሞተዋል። ከመቶ 94ቱ የእኛን በመሰሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በሽታው 15 እና 20 ዓመት ጊዜ ይሰጠናል፤ ያንን ጊዜ የሚበላብን «ምን ይሉኛል» ማለትና የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ አለ፦ አባላት በቡድን ሆነን የምንመረመርበት ቀን ይወሰን፤ ገበያ ለሚውሉ እህቶቻችን የዚያን ቀን ትራንስፖርትና የዕለት ገቢ የሚተካ ገንዘብ ከማኅበራዊ ወጪ ይያዝ። ደጋፊዎቻችንም ለዚህ መስመር እንዲያግዙን እንጠይቃለን። ሴት ልጅ ያለን ደግሞ የክትባቱ ቀን ሲታወጅ ከቤት አናስቀራት።