ፀሐይ የበሳው መጋረጃ

ካሜራው እጄ ሲገባ አዲስ ይመስል ነበር። ቆዳው ተቀይሯል፣ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ ሻጩም «ሙሉ በሙሉ የታደሰ ነው፣ ለጀማሪ አሪፍ ነው» ብሎኛል። ዞርኪ 4 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ የሶቪየት ካሜራ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም የጨረስኩት የአያቴ ቤት ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው ነው። 36 ፎቶ፦ አጥሩ፣ ጓዳው፣ ረከቦቱ፣ አያቴ ደጃፉ ላይ ቆማ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ፣ ነጭ ክብ አለ። አያቴ በቆመችበት ፎቶ ክቡ ያረፈው ፊቷ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ቤቱ የለም።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ አንድ ነገር ሲበላሽ «ይሄ ኮድ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነው። ካሜራውንም እንደዚያው ወደ ኋላ ተከተልኩት።

መነሻው ጀርመን ነው። ኦስካር ባርናክ የሠራው ሌይካ በ1925 ለገበያ ቀረበ፤ ለሲኒማ የሚውለውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ኪስ ውስጥ በሚገባ ካሜራ ተጠቀመበት። በ1932 ደግሞ ርቀት መለኪያ የተገጠመለት ሌይካ 2 መጣ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ካርኮቭ ውስጥ ተቀዳ። የቀዱት በመምህሩ አንቶን ማካሬንኮ ስም በሚታወቅ ማኅበር ያደጉ ወላጅ አልባና የጎዳና ልጆች ነበሩ። ካሜራውን «ፌድ» አሉት፤ ማኅበሩ የተሰየመለት የፖሊስ አለቃ የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ዠርዢንስኪ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ፌድን ወስዶ ዞርኪ ብሎ ማምረት ጀመረ። በእኛ ቋንቋ ዞርኪ የፌድ ፎርክ፣ ፌድ የሌይካ ፎርክ ነው። ሌንሱ ጁፒተር 8 እንኳ ከዛይስ ሶናር የተወሰደ ነው።

ታዲያ ዲዛይን ሲቀዳ ድክመቱም አብሮ ይቀዳል። እነዚህ ካሜራዎች ውስጥ መስታወት የለም፤ ሌንሱንና ፊልሙን የሚለየው ጥቁር የጨርቅ መጋረጃ ብቻ ነው። ክዳኑ ተነስቶ ሌንሱ ፀሐይ ላይ ከተተወ፣ ልጅ ሆነን በአጉሊ መነጽር ወረቀት እንዳቃጠልነው፣ ጨርቁን ይበሳዋል። የኔን ካሜራ ማን፣ የትኛው መስኮት ላይ ረስቶት እንደበሳው እንጃ። ቀዳዳው ግን እኔ ሳልወለድ በፊትም ሊሆን ይችላል። ቆዳውን የቀየረው ሰው ወደ ውስጥ አላየም።

ነገሩን ያሳየኝ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተማረው አጎቴ ነው። መብራት አጥፍቶ ሌንሱን ፈታ፣ የኋላ ክዳኑን አወለቀ፣ የስልኬን መብራት ከፊት በኩል አበራ። ጨርቁ ላይ አንዲት ኮከብ ታየች። «መጋረጃው ሁለት ነው፤ ወጥረህ ደግሞ እይ» አለኝ። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ስገዛ አድርጌው ቢሆን ኖሮ!

ስለዚህ የታደሰ ካሜራ ልትገዙ ከሆነ «ታድሷል» የሚለው ቃል አይብቃችሁ። እንደ ሶፍትዌር ማሻሻያ ዝርዝሩን ጠይቁ፦ ምኑ ተቀየረ? መጋረጃው ታይቷል? ዘይቱ መቼ ተቀየረ? አሮጌ ቅባት ሲደርቅ ፍጥነቱን ያዛባል። ዞርኪ ከሆነ ደግሞ ሳትወጥሩት ፍጥነት አትቀይሩ፤ ውስጡ ሊሰበር ይችላል።

ቀዳዳዋን ከአጎቴ ጋር በጥቁር የጨርቅ ቀለም ደፈንናት። አያቴን በአዲሱ ቤቷ በር ላይ ድጋሚ አነሳኋት፤ ፊቷ ጥርት ብሎ ወጥቷል። እሷ ግን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል የፈለገችው የመጀመሪያውን ነው። «ፊቴንማ መስታወት ያሳየኛል፣ ደጄን ነው የማላገኘው» አለችኝ።