የናንሲ ድሩ ደራሲ ሚልድሬድ ቤንሰን

ካሮላይን ኪን የምትባል ደራሲ ኖራ አታውቅም። ስሟ ወጣቷ መርማሪ ናንሲ ድሩ በምትገኝባቸው ተከታታይ ልቦለዶች ሽፋን ላይ እንዲወጣ የተፈጠረ የብዕር ስም ነው። ከመጀመሪያዎቹ 30 መጻሕፍት 23ቱን የጻፈችው ሚልድሬድ ኦገስቲን ስትሆን፣ በጋብቻ ሚልድሬድ ዊርት፣ በኋላም ሚልድሬድ ቤንሰን ተብላለች።

ሚልድሬድ በ1905 እ.ኤ.አ. አዮዋ ግዛት ውስጥ ላዶራ በምትባል ትንሽ ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደች። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ስትማር በውሃ ዋና የታወቀች ነበረች፤ በ1927 ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት የማስተርስ ዲግሪ ለመቀበል የመጀመሪያዋ ሆነች። የዚያን ጊዜ ኤድዋርድ ስትራተማየር ለተባለ ሰው መጻፍ ጀምራ ነበር።

ስትራተማየር የልጆች ልቦለድ በብዛት የሚያዘጋጅ ድርጅት ባለቤት ነበር። የታሪኩን ንድፍ በጥቂት ገጾች አዘጋጅቶ ለጸሐፊ ይሰጣል፤ ጸሐፊው ከ200 ገጽ በላይ አድርጎ ይመልስለታል፤ ግሮሴት ኤንድ ደንላፕ የተባለው አሳታሚ ያትመዋል። ጸሐፊው የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መብቱን በፊርማው ይለቃል፣ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢሸጥ ድርሻ የለውም፣ በብዕር ስሙም የራሴ ነው ብሎ ሊጠቀም አይችልም። ጸሐፊዎች ቢለዋወጡም በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ስለማይቀየር፣ ልጆች ከዓመት ዓመት ያንኑ «ደራሲ» እየፈለጉ ይገዛሉ። ለድርጅቱ ብልህ ዘዴ ነበር፤ ለጸሐፊው ግን ፍትሐዊ አልነበረም።

«የአሮጌው ሰዓት ምስጢር» የተባለው የመጀመሪያው የናንሲ ድሩ መጽሐፍ ሚያዝያ 1930 ወጣ። ለሚልድሬድ የተከፈላት 125 ዶላር ነው። ስትራተማየር መጽሐፉ በወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተና ድርጅቱን ሴት ልጆቹ ሃሪየትና ኤድና ተረከቡ። በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ክፍያው ወደ 75 ዶላር ሲወርድ ሚልድሬድ አልጽፍም አለች፤ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉትን መጻሕፍት ዋልተር ካሪግ የተባለ ሌላ ሰው ጻፋቸው። እሷ ከ11ኛው ተመልሳ እስከ 25ኛው ቀጠለች፤ የመጨረሻዋ በ1953 የወጣው 30ኛው ነው።

ንድፉ የሌላ ቢሆንም የናንሲ ጠባይ የሚልድሬድ ሥራ ነው። ናንሲ መኪናዋን ራሷ ትነዳለች፣ ፈቃድ ጠይቃ አትወጣም፣ ከወንጀለኛ ፊት አታፈገፍግም። ሚልድሬድ በኋላ እንደተናገረችው፣ ስትራተማየር የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲያነብ ልጅቷ ከልክ በላይ ደፋር ሆናበት ቅር ብሎት ነበር። የተከታታዩን ዕድሜ ያረዘመው ግን ይኸው ድፍረት ነው። ከ1959 ጀምሮ ሃሪየት የቀድሞዎቹን መጻሕፍት እያሳጠረች እንደገና ስታስጽፍ፣ ጥቁሮችንና ስደተኞችን የሚያዋርዱ አገላለጾች ወጡ፤ ይህ መደረግም ነበረበት። ከእነሱ ጋር ግን የናንሲ ሹልነትም ደነዘ።

ሚልድሬድ ከ130 በላይ መጻሕፍት ጽፋለች። ከሁሉም የምትወደው በራሷ ስም ያሳተመችውን የፔኒ ፓርከርን ተከታታይ ነበር፤ ፔኒም እንደ እሷ የጋዜጣ ሰው ናት። በ1944 ኦሃዮ ግዛት ቶሌዶ ከተማ በጋዜጠኝነት ተቀጥራ ሁለት ባሎቿን በሞት ካጣች በኋላም በሙያው ቆየች፤ በጎልማሳነቷ አውሮፕላን ማብረር ተምራ ፈቃድ አወጣች።

የስትራተማየር ልጅ ሃሪየት አዳምስ ግን ካሮላይን ኪን እኔ ነኝ እያለች ለጋዜጦች ትናገር ነበር። እውነቱ ይፋ የሆነው በንግድ ክርክር ምክንያት ነው። ድርጅቱ አዳዲሶቹን መጻሕፍት ለሳይመን ኤንድ ሹስተር ሲሰጥ ግሮሴት ኤንድ ደንላፕ ከሰሰ፤ በ1980 ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሚልድሬድ ለምስክርነት ቀረበች። የድሮ ውሎችና ደብዳቤዎችም ማን ምን እንደጻፈ አሳዩ። በ1993 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በናንሲ ድሩ ላይ ጉባኤ አካሂዶ አከበራት፤ በ2001 ደግሞ የአሜሪካ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ልዩ የኤድጋር ሽልማት ሰጣት። በ96 ዓመቷ ግንቦት 2002 ስትሞት ገና የቶሌዶ ብሌድ ጋዜጣ አምደኛ ነበረች። የናንሲ ድሩ መጻሕፍት ከዚያ በኋላም በካሮላይን ኪን ስም መታተማቸውን ቀጥለዋል።