ልጅ ያቦካው፦ ስለ ሽቦ መኪናና ስለ ተለዋዋጩ ሮቦት

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። ምሳሌው ስለ ሊጥ ይናገር እንጂ ፍርዱ ልጅ በእጁ በሠራው ነገር ሁሉ ላይ ያረፈ ይመስላል። ስለ ነገሥታት ዘውድ፣ ስለ መኳንንት ካባ፣ ስለ ጦርና ጋሻ ብዙ ተጽፏል፤ ልጆች ከወዳደቀ ነገር ስለ ሠሯቸው መጫወቻዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ትርኢቱን በሰው ልጅ የሕይወት ዑደት ከፋፍሎ ለልጅነትና ለልጆች ጨዋታ ስፍራ መስጠቱ በዚህ ረገድ የሚያስመሰግነው ነው። እኛም በዚያው መንፈስ ወደ ደቡብ አዲስ አበባ፣ ወደ ነፋስ ስልክ እንውረድ።

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ነገሩ ከባሕር ማዶ መጣ፤ ስሙ ግን እዚሁ ተወለደ። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ነፋሱና ግራሩ በአንድ ስም ተጣመሩ። የሚገርመው ታዲያ፣ ሽቦ በሌለው ስልክ የተጠራው ሰፈር ልጆች መጫወቻቸውን ይሠሩ የነበረው ከሽቦ መሆኑ ነው።

የሽቦ መኪና የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍራም ሽቦ በድንጋይ እየተቀጠቀጠ ይቃናና አካሉ ይታጠፋል፤ ቀጭኑ ሽቦ መጋጠሚያውን ይጠመጥማል። ጎማው ቆርኪ፣ የጣሳ ክዳን፣ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ክብ ላስቲክ ይሆናል። ከፊት እግሩ ተነሥቶ እስከ ልጁ ደረት የሚደርስ ረጅም ዘንግ አለው፤ በዘንጉ ጫፍ መሪ ይታሰራል። ልጁ ቆሞ እየሄደ መሪውን ሲያዞር ጎማው አብሮ ይዞራል። በሳሪስ በኩል ያልፍ የነበረው የአሰብ መንገድ ደግሞ ለእነዚህ ልጆች ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። ባለ ተሳቢው ኤንትሬ እያጓራ ወደ ቃሊቲ ሲወርድ፣ ልጁ የአፍንጫውን ቅርጽ፣ የጭነቱን ከፍታ፣ የተሳቢውን ማያያዣ በዓይኑ ለክቶ ይይዛል።

አሁን ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንሻገር። ታካራ የተባለው የጃፓን መጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. በ1980 ዲያክሎን የተባለውን ስብስብ አወጣ። ከዚህ ስብስብ መካከል ወደ ሮቦት የሚለወጡ መኪኖች ነበሩ፤ በውስጣቸውም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ እግሩ ማግኔት የሆነ ሾፌር ይቀመጥ ነበር። የአሜሪካው ሃዝብሮ የእነዚህን ቅርጾች መብት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1984 «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ሲያወጣቸው ትንሹን ሾፌር አስቀረው። መኪናው ራሱ ነፍስና አሳብ ያለው ፍጡር ሆነ፤ የማርቭል ኮሚክስ ጸሐፊዎችም ስምና ጠባይ ሰጡት። የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ፊልም በአሜሪካ የተጀመረው መስከረም 7 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ከአምስት ቀን በፊት አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ አክብራ ነበር፤ በወሎና በትግራይ ደግሞ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። አንድ ዘመን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ፊት እንዳለው ከዚህ ይታያል።

የሁለቱን ጥራት እንመዝን ብንል፣ የሮቦቱን ብልሃት መካድ አይቻልም። የ1984ቱ ኦፕቲመስ ፕራይም የጭነት መኪና ነው፤ ከፊሉ ብረት፣ ጎማው እውነተኛ ላስቲክ፤ ሲገለባበጥ የመኪናው ፊት ደረት ይሆናል፣ የኋላው እግር ይሆናል። አንድ አካል ሁለት መልክ እንዲይዝ ማድረግ ከባድ የንድፍ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ማጠፊያ ሁለት ጌታ ያገለግላል። ጉድለትም አለው። ጡጫዎቹ የሚነቀሉ ስለሆኑ በቀላሉ ይጠፋሉ። ተሳቢው ከሮቦቱ አካል ጋር ስለማይዋሐድ፣ ለውጡ ሲያልቅ ብቻውን ይቀራል። ማጠፊያው አንድ ጊዜ ከተሰበረም ልጁ የሚጠግንበት መንገድ የለውም።

የሽቦው መኪና መልኩን አይለውጥም፤ ለውጡ ያለቀው ከመሠራቱ በፊት ነው። ጣሳው መኪና፣ ቆርኪው ጎማ፣ ጫማው መንኮራኩር ሆኗል። ሲሰበር የሚጠግነው የሠራው ልጅ ነው፤ ሽቦው ሲደክም ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ከሁሉም በላይ ሾፌር አለው። ሃዝብሮ ከመኪናው ያወጣው ሾፌር በእኛ መንደር ከመኪናው ኋላ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያ የራሷን አዲስ ሚሌኒየም ለመቀበል ስትሰናዳ የትራንስፎርመርስ ትልቁ የሲኒማ ፊልም ወጣ። በፕላስቲክ የተቀዱ አምሳያዎቹም በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተሰቀሉ። በርካሽ ቅጂ ላይ ማጠፊያው ይላላል፣ ቀለሙ ይለቅቃል፤ ልጅ ግን መጫወቻ ገዝቶ መደሰቱ ነውር አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጣሳውን ቆራሌው ይሰበስበዋል፤ አሮጌውን ጫማ ልዋጭ ባዩ በአዲስ ዕቃ ይለውጠዋል። በጀሞና በጎተራ ሜዳው ፎቅ ሆኗል። ልጁ ጥሬ ዕቃውንም መንገዱንም ካጣ፣ እጁ የሚያውቀው ጥበብ በምን ይተላለፋል? ያንን ጥበብ የጻፈው መምህር የለም፤ ታላቁ ለታናሹ አሳየው እንጂ።

ዲያክሎንን ዛሬ ሰብሳቢዎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል፤ የተሠራበት ዓመትና የንድፉ ታሪክ ተመዝግቧል። የሽቦ መኪናችን ሠሪው አድጎ ዝም ብሏል። በየቤታችን ያለ አባት፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም መጋጠሚያው እንዴት እንደሚጠመጠም ዛሬም ያስታውሳል፤ ሽቦ ሰጥተን እንጠይቀው፣ የነገረንንም እንጻፈው። ልጅ ያቦካው ለራት ባይበቃ እንኳ ለታሪክ ይበቃል።