ሳፋሪ ራሊና መንገድ የፈተናቸው መኪኖች

የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ተጀመረ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ዳግማዊት ኤልሳቤጥ የእንግሊዝን ዘውድ የጫኑበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የመኪና ጉዞ ውድድር ተዘጋጀ። ሐሳቡን ያፈለቀው በኬንያ ይኖር የነበረው ኤሪክ ሴሲል ነው።  የፈለገው መኪኖች ከከተማ ተነሥተው አገር አቋርጠው የሚመለሱበትን ውድድር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንብ ልብ ሊባል ይገባዋል። መኪኖቹ የተመደቡት በሞተራቸው ጉልበት ሳይሆን በአካባቢው በሚሸጡበት ዋጋ ነበር። የቀረቡትም ማንኛውም ሰው ከመደብር ሊገዛቸው የሚችላቸው፣ እምብዛም ያልተለወጡ መኪኖች ነበሩ። ስለዚህ ገበሬው፣ ነጋዴውና ሐኪሙ ገንዘባቸው ምን ዓይነት መኪና እንደሚገዛ በዓይናቸው ማየት ቻሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቮልስ በመባል የምትታወቀው ትንሿ ቮልስዋገን ከጅምሩ ጎልታ ወጣች፤ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸናፊ ሆነች። ሞተሯ ከኋላ መሆኑ በጭቃ ውስጥ የኋላ ጎማዎቿ መሬት እንዲቆነጥጡ ረድቷታል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑም የራዲያተር ውኃ ጣጣ አልነበረባትም።

ውድድሩ ከጊዜ በኋላ በፋሲካ ሰሞን መደረጉ መንገዱን እጅግ አከበደው። በዚያ ወቅት የምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ዝናብ ይጀምራል። ጠዋት ዱቄት የመሰለ አቧራ የሚቦንበት መንገድ ከሰዓት በኋላ ጎማ የሚውጥ ዋልካ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ በ1960ዎቹ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ይህም ሌትና ቀን ተነድቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። መንገዱ ለውድድር አይዘጋም ነበር፤ አውቶቡሱም፣ ከብቱም፣ የዱር አራዊቱም እንደወትሮው ይተላለፉበት ነበር። ተወዳዳሪው ከአንድ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ወደ ሌላው በተወሰነለት ሰዓት ካልደረሰ፣ ለዘገየበት ጊዜ የቅጣት ነጥብ ይያዝበት ነበር። ትንሽ ነጥብ የተያዘበት ያሸንፍ ነበር። ባሌስትራ የሰበረ፣ ካምቢዮው የተበላሸበት ወይም ወንዝ ሞልቶ ያገደው ሰው ፍጥነቱ ምንም አይፈይድለትም ነበር።

1963 የዚህን መንገድ ክፋት በግልጽ አሳየ። ከተነሡት 84 መኪኖች እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጡት ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ በፔጆ 404 ነበር። ስዊድናዊው ኤሪክ ካርልሰን ሲመራ ቆይቶ ሌሊት ላይ ከአዋልዲጌሳ ጋር ተጋጨና ውድድሩ በዚያው አበቃለት። ካርልሰን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ሁለተኛ ወጣ። የነዳው ሳብ 96 ሦስት ሲሊንደር ያላት፣ 841 ሲሲ የሆነች ትንሽ መኪና ናት፤ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ ከረዳቱ ጋር ሆኖ በጎኗ ገልብጦ አወጣት። በ1968 ደግሞ ከ90 በላይ ተነሥተው አሁንም 7 ብቻ ደረሱ። አሸናፊዎቹ እነዚያው ኖዊኪና ክሊፍ ሲሆኑ መኪናቸውም ያው ፔጆ 404 ነበር። ለቤተሰብ ተብሎ የተሠራ ባለአራት በር መኪና በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ደጋግሞ ማሸነፉ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ስለ ጥንካሬው መስክሮለታል።

ከአሽከርካሪዎቹ መካከል የጆጊንደር ሲንግን ያህል ከሳፋሪ ጋር ስሙ የተቆራኘ ጥቂት ነው። በኬንያ ተወልዶ ያደገ የሲክ እምነት ተከታይና የመካኒክ ልጅ ነበር። በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ያሸነፈበት ቮልቮ ፒቪ 544 ቀደም ሲል በሌሎች የተነዳ ያገለገለ መኪና ነው። መኪና መጠገን የሚያውቅ ሹፌር፣ ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ መቼ መታገሥ እንዳለበት ያውቃል፤ የጆጊንደር ትልቁ ብልጫም ይህ ይመስላል። በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ደግሞ አሸነፈ።

ጃፓኖች ሳፋሪን ከሁሉ በላይ በቁም ነገር ያዙት። ኒሳን በ1963 ገብቶ አልተሳካለትም፤ ሆኖም በየዓመቱ እየተመለሰ፣ የተሰበረውን ክፍል ወደ ፋብሪካው እየወሰደ እያጠናከረ ቆየ። በ1970 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር ኒሳን በሠራው ዳትሰን 1600 ኤስኤስኤስ አሸነፉ። በማግስቱ ዓመት እነዚሁ ሁለት ሰዎች በዳትሰን 240ዜድ ድሉን ደገሙት። ይህች መኪና 2.4 ሊትር ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ያላት፣ ረጅም ኮፋኖና ዝቅ ያለ ጣሪያ ያላት ውብ የስፖርት መኪና ናት። እንዲህ ያለ ቅርጽ ለለስላሳ አስፋልት የተፈጠረ ቢመስልም ድንጋይና ዋልካ አልበገራትም። በ1973 ሼካር ሜታ በዚሁ ሞዴል ሲያሸንፍ፣ በሌላ ዳትሰን ከተወዳደረው ከሃሪ ሼልስትሮም ጋር በነጥብ እኩል ሆነው አሸናፊው የተለየው በደንቡ ነው። ኡጋንዳ የተወለደው ሜታ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራቴ አሸንፎ ድሉን አምስት አደረሰ።

ከባሕር ማዶ የመጣ አሽከርካሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1972 ነው፤ ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ በፎርድ ኤስኮርት። እስከዚያ ድረስ የመንገዱን ጠባይ የሚያውቁ ነዋሪዎች የአውሮፓን ዝነኞች ይበልጡ ነበር። ፖርሽ 911 ደግሞ በ1974 በቢዮርን ቫልደጎርድ፣ በ1978 በቪክ ፕሬስተን ታናሹ ሁለተኛ ወጥቶ አንደኝነቱን ግን አላገኘውም።

ሳፋሪ ከ1973 ጀምሮ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ሆኖ እስከ 2002 ቆየ። በ2021 ሲመለስ ተዘግተው በተለዩ አጫጭር መንገዶች ላይ ነበር። የረጅሙ ጉዞ መንፈስ የቀጠለው በ2003 በተጀመረው፣ የቀድሞ ዘመን መኪኖች ብቻ በሚሳተፉበት የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ ራሊ ነው። በዚህ ውድድር ዳትሰንና ኤስኮርት ከመጋዘን ወጥተው እንደገና አቧራ ይቅማሉ። ቫልደጎርድም በ2011፣ በ68 ዓመቱ፣ በዚሁ ራሊ በፖርሽ 911 አንደኛ ወጣ።