የአንዲት እንጨት ልዩነት

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ላይ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤና ሙስሊም በር ለበር ይኖራሉ። ስለ ማርያም ክርክር ሲነሳ ግን አንድ ነገር ይረሳል፤ ሦስቱም ኢየሱስን ድንግል እንደወለደችው ያምናሉ። ጭቅጭቁ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

ኦርቶዶክሱ ከወለደችም በኋላ ድንግል ናት ይላል፤ ወንጌል «ወንድሞቹ» የሚላቸውም የዮሴፍ ልጆች ናቸው። ጴንጤው አብዛኛውን ጊዜ ማርያም ራሷ ወልዳቸዋለች ባይ ነው። ሙስሊሙ ደግሞ ልደቱን ተቀብሎ «የእግዚአብሔር ልጅ» የሚለውን አይቀበልም።

ይሄ ልዩነት አንድ ጊዜ የሰው ነፍስ ተይዞበት ነበር። የእስልምና ትውፊት እንደሚለው፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሙስሊሞች ከመካ ወደ አክሱም ንጉሥ ተሰደዱ። ቁረይሾች ተከትለው መልእክተኛ ላኩ፤ «ስለ ኢየሱስ ክፉ ይናገራሉ፣ አሳልፈህ ስጠን» አሉ። ከስደተኞቹ መሀል ጃዕፈር ተነስቶ ኢየሱስ የአላህ አገልጋይ፣ ከድንግል መርየም የተወለደ ነው ሲል መለሰ። ንጉሡ ከመሬት እንጨት አንስቶ፣ ልዩነታችን ከዚህች አይበልጥም አለ። መኳንንቱ አጉረመረሙ። ስደተኞቹ ግን አልተሰጡም።

እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ በእንጨት የሚለካ አልነበረም፤ አንዱ አምላክ የሚለውን ሌላው ነቢይ ይለዋል። ንጉሡ ግን ሰዎቹ ይኑሩ አይኑሩ የሚለውን በዚያ አልወሰነም።