አንድሬ ክራውች

አንድሬ ኤድዋርድ ክራውች (ጁላይ 1 ቀን 1942 – ጃንዩዋሪ 8 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የወንጌል ዘማሪ፣ የመዝሙር ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ የመዘምራን መሪና ፓስተር ነበር። የጥቁር አሜሪካውያንን የወንጌል መዝሙር ከዘመኑ የፖፕና የሶል ሙዚቃ ጋር በማዋሐድ ይታወቃል። በዚህም ብዙ አድማጭ ቢያተርፍም ካደገበት የቤተ ክርስቲያን ወግ ጋር በተደጋጋሚ ሳያጋጨው አልቀረም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተዳደግ

ክራውች በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከመንታ እህቱ ከሳንድራ ጋር ተወለደ፤ ያደገው ግን በሎስ አንጀለስ ነው። አባቱ ቤንጃሚን የላውንደሪ ሥራ እየሠራ በየመንገዱ ወንጌል የሚሰብክ ሰው ነበር። አንድሬ በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር፤ ማንበብና መጻፍም ይከብደው ነበር።

እሱ ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ አባቱ ፒያኖ የሚመታ ሰው በሌላት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲሰብክ ተጋበዘ። የ11 ዓመቱን ልጁንም ወደ ፊት ጠርቶ፣ እግዚአብሔር ስጦታውን ቢሰጠው ለእርሱ ይጫወት እንደሆነ ጠየቀው። ልጁ ብዙም ሳይቆይ መዝሙሮችን በጆሮው እየሰማ መጫወት ጀመረ። አባቱ በኋላ በፓኮይማ የክራይስት ሜሞሪያል ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ቸርች ኦፍ ጎድ ኢን ክራይስት የተባለው ትልቅ የጥቁሮች ጴንጤቆስጤያዊ ቤተ እምነት አካል ናት።

ስለ ኢየሱስ ደም የሚናገረውንና እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚዘመረውን መዝሙር የጻፈው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው። ሥራውን ንቆ ወረቀቱን ሲጥለው ሳንድራ አንስታ እንዳስቀመጠችው ይነገራል።

ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወደ መድረክ

በ1960 ካቋቋመው የወጣቶች ቡድን ውስጥ ኋላ በኦርጋን አጨዋወቱ ዝነኛ የሆነው ቢሊ ፕሬስተን ይገኝበታል። ከዚያም ቲን ቻሌንጅ በተባለ ድርጅት ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የሚያገግሙ ሰዎችን ያቀፈ የመዘምራን ቡድን መራ። በ1965 ዘ ዲሳይፕልስ (ደቀ መዛሙርት ማለት ነው) የተባለውን ቡድን መሠረተ። የመጀመሪያው አልበማቸው በ1968 በላይት ሪከርድስ ታተመ። ይህ ኩባንያ በአብዛኛው ለነጭ ክርስቲያን አድማጮች የሚያሳትም ስለነበር ክራውች ጥቁር ዘማሪዎች እምብዛም የማይደርሱባቸው አዳራሾች በር ተከፈተለት። በዳላስ በተካሄደው ኤክስፕሎ 72 የወጣቶች ጉባኤ ዘምሯል፤ በካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበው ዝግጅትም በ1973 በአልበም ወጥቷል። ኤልቪስ ፕሬስሊ ከመዝሙሮቹ አንዱን ተጫውቶለታል።

«ስሩ ኢት ኦል»፣ «ማይ ትሪብዩት» እና «ሱን ኤንድ ቬሪ ሱን» የተሰኙት መዝሙሮቹ በነጮችም በጥቁሮችም አብያተ ክርስቲያናት የመዝሙር መጻሕፍት ገብተዋል። ዘር በሚለያየው የአሜሪካ እሑድ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ጊታሩን፣ የፈንክ ምቱንና በዓለማዊ የቴሌቪዥን መድረክ መቅረቡን «ዓለማዊነት» ያሉበት ምእመናን ጥቂት አልነበሩም። ግጥሞቹን ላየ ግን ክሱ አይጸናም፤ የተለወጠው አጃቢው እንጂ መልእክቱ አይደለም።

በ1980ዎቹ ከዓለማዊ ሙዚቀኞች ጋር በስፋት ሠርቷል። የማይክል ጃክሰን «ማን ኢን ዘ ሚረር» ላይ የሚሰማው የኅብረት ድምፅ የእሱ መዘምራን ነው። ከኩዊንሲ ጆንስና ከሌሎች ጋር ለ«ዘ ከለር ፐርፕል» ፊልም በሠራው ሙዚቃ ለኦስካር ታጭቷል። መዘምራኑ በ1989 በማዶና «ላይክ ኤ ፕሬየር» ዘፈን ላይም ተሳትፈዋል፤ በቪዲዮው ላይ ግን እንዲታዩ አልፈቀደም።

የአባቱ መንበር

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እናቱ፣ አባቱና ታላቅ ወንድሙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተከታትለው አረፉ። ከዓመታት ዝምታ በኋላ «መርሲ» የተሰኘውን አልበም በ1994 ያወጣው ክራውች በ1995 የአባቱን ቤተ ክርስቲያን በፓስተርነት ተረከበ።

በ1998 ከሁሉም ይበልጥ ያነጋገረውን እርምጃ ወሰደ። ቤተ እምነቱ ሴቶችን ለፓስተርነት የማይሾም ሆኖ ሳለ እህቱን ሳንድራን የክራይስት ሜሞሪያል ተባባሪ ፓስተር አድርጎ ሾማት። ሳንድራ የእጅ ከበሮ ተጫዋችና በራሷ አልበም የግራሚ ተሸላሚ ዘማሪ ነበረች። መንታዎቹ እስከ እሱ ሕልፈት ድረስ ቤተ ክርስቲያኗን አብረው አገለገሉ።

ክራውች በሕይወት ዘመኑ ሰባት የግራሚ ሽልማቶችን አግኝቷል፤ በ2004 በሆሊውድ የዝነኞች ጎዳና ኮከብ ተሰጥቶታል። በ2009 በማይክል ጃክሰን የስንብት ሥነ ሥርዓት ላይ መዘምራኑ «ሱን ኤንድ ቬሪ ሱን»ን ዘምረዋል። በልብ ድካም በ72 ዓመቱ ሲያርፍ የቤተ ክርስቲያኗን አመራር ሳንድራ ቀጠለች።